አሥራ ሁለተኛ የወጣው መንደር

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ገና በእግሯ ቆማ ሳለች ነው። ጀብራ በሚባል ሰፈር በአንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ጽዳትና ሻይ ነበር ሥራዬ። ጠዋት ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ረፋዱ ላይ ለአስተማሪዎቹ ሻይ በወተት አፈላለሁ፣ ተማሪ ሲወጣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ እሄዳለሁ። ቁልፉ እኔ ዘንድ እንደነበር ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ትምህርቴ ከሚሴ ሳለሁ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። ሰሌዳውን ከማጥፋቴ በፊት የተጻፈውን አነባለሁ፤ ተማሪዎቹ የጣሉትን ወረቀት ከቅርጫት አውጥቼ እቤቴ እወስዳለሁ። አንድ አስተማሪ ሊጥለው ያለውን ላፕቶፕ ለምኜ አገኘሁ። ባትሪው የሞተ ነው፣ ካልተሰካ አይበራም። «ኤስ» የምትባለዋ ፊደል ቁልፏ ተነቅሏል፤ በእስክሪብቶ ክዳን ነበር የምጫናት። ከፊደል ሁሉ እሷ ትነቀል? እኔ የምወደው ሥራ ትእዛዙ ሁሉ በእሷ ነው የሚጀምረው፤ «ሴሌክት»፣ ምረጥልኝ ብሎ!

የምወደው ሥራ ዳታቤዝ ማነጋገር ነው። አትደንግጡ። ዳታቤዝ ማለት ረድፍና ዓምድ ያለው ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። ኩዌሪ የሚሉት ደግሞ ለሠንጠረዡ የምትጽፉለት ጥያቄ ነው፦ ይህን ፈልግልኝ፣ ያንን ተወው፣ ብዙ ካለው ጀምረህ ደርድርልኝ። እሱም ይደረድርላችኋል። ይህን የተማርኩት ሰው ከሰው በሚጠያየቅባቸው የውጭ ድረ ገጾች ነው። የጥያቄና መልስ ማኅበረሰቦቻቸውን ሠንጠረዥ ለሕዝብ ክፍት ያደርጉታል፤ የትኛው እንደሞቀ፣ የትኛው እንደቀዘቀዘ ማንም ገብቶ በኩዌሪ ያወዳድራል። ሻዩ እስኪፈላ ድረስ የሰዎችን ኩዌሪ ገልብጬ አንዲት ቃል እቀይርና ምን እንደሚመጣ አያለሁ። እንግሊዝኛዬን ያስተማረኝ ስሳሳት የሚወጣው ቀይ ጽሑፍ ነው ብል ውሸት የለበትም።

እኛ ሐበሾችም እንዲህ ያለ ድረ ገጽ ነበረን። «ጠያቂ» እንለዋለን። የሠራው ባሽመሃንዲስ ናሆም ነው። እዚያ አገር መሐንዲስን ሁሉ «ባሽመሃንዲስ» ነው የሚሉት፤ ናሆም እኔ በማጸዳው ማሠልጠኛ ያስተምራል፣ ልጅ እግር ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ጎበዝነቱንም ያውቃል። የድረ ገጹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ ጋሽ ተክሌ ናቸው፤ ቡሪ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ካርቱምን ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩባት ሰው።

«ጠያቂ» አሥራ ሁለት ክፍል ነበረው፤ እያንዳንዱን «መንደር» ነው የምንለው። የኳስ መንደር፣ የመኖሪያ ወረቀት መንደር፣ የሠርግ መንደር፣ የመኪና መንደር እያለ ይሄዳል። የእኛ የቤት መንደር ነበር። የሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች የሚጠይቁበት፣ በዚያው ያለፉ ሴቶች የሚመልሱበት። እኔም ወደ ማሠልጠኛው ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አረብኛውም ምድጃውም ግራ ገብቶኝ ስቅበዘበዝ የያዘኝ ያ መንደር ነው። እዚያ ያለው መልስ በመጽሐፍ የለም። ሴቶች በእጃቸው ተቃጥለው፣ በጀርባቸው ታመው ያወቁት ነው።

አንድ ሐሙስ ድረ ገጹን ስከፍት ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለእያንዳንዱ መንደር ስድብና ውሸት የሚያጸዳ አንድ ጠባቂ ያስፈልጋል፤ ፈቃደኛ ጠባቂ ግን ዘጠኝ ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ መንደሮቹ በእንቅስቃሴያቸው ተደርድረዋል፤ መጨረሻ የወጡት ሦስቱ ቅዳሜ ይዘጋሉ፣ ጽሑፋቸውም ይሰረዛል። ተቃውሞ ያለው ዓርብ በአሥር ሰዓት ማሠልጠኛው አዳራሽ ይምጣ።

አንደኛ ኳስ። አሥራ ሁለተኛ የቤት መንደር።

ናሆም መምህራን ክፍል ተቀምጧል። ሻዩን አቀረብኩለትና ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ባሽመሃንዲስ፣ የቤት መንደር እንዴት መጨረሻ ወጣ?»

«ኩዌሪው ነው ያወጣው።»

«ኩዌሪውንስ ማን ጻፈው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አንስቶ ቀመሰና «ሰዓዳ፣ ሻዩ ስኳር አንሶታል» አለኝ።

«ስኳሩን አመጣለሁ። ግን እኮ ሴቶቹ በየሳምንቱ ይጽፋሉ። እኔ አያቸዋለሁ።»

«አንቺ የምታዪው የምትወጂውን ነው። ቁጥር አያዳላም። ማዐለሽ፣ ይቅርታ፣ እኔ ምን ላድርግ?»

ክፋት አልነበረበትም። የከፋኝም እሱ ነው፤ ሰውዬው ክፉ ቢሆን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

ዓርብ ማሠልጠኛው ዝግ ነው። ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ጠዋት ገብቼ ላፕቶፔን ሰካሁ። ናሆም የውጮቹን ተከትሎ የ«ጠያቂን» ሠንጠረዥ ለማንም ክፍት አድርጎት ነበር፤ ስም የለበትም፣ በስም ፈንታ የአካውንት ቁጥር ነው ያለው። እሱ ራሱ የጻፈው ኩዌሪም እዚያው ተቀምጧል። ክፍት ነው ብለው የለጠፉት ማን ይገባል ብለው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ገባሁ።

ኩዌሪውን ቀድቼ እንዳለ አስኬድኩት። አሥራ ሁለተኛ። በጥያቄ ብዛት ብቻ እንዲደረድር ቀየርኩት። አሥራ ሁለተኛ። በመልስ ብዛት ሞከርኩ። እንደገና አሥራ ሁለተኛ፤ ከአሥራ አንደኛውም በጣም የራቀ።

እጄን ከማሽኑ ላይ አነሳሁ። ናሆም እውነቱን ነው፣ የማየው የምወደውን ነው አልኩ። ለመዝጋት ክዳኑን ይዤ ሳለሁ ግን እልህ መጣብኝ። ጽዳት ስጀምር ያሠራችኝ ሴትዮ «ከመሃል አትጥረጊ፣ ከጥግ ጀምሪ፤ ቆሻሻ ጥግ ነው የሚደበቀው» ትለኝ ነበር። ኩዌሪውንም ከመሃሉ ነበር እየነካካሁ ያለሁት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ቃል በቃል በደብተሬ መገልበጥ ያዝኩ።

ታች ዘጠነኛው መስመር ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ በአንድ ቀን ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ የጻፈን አካውንት፣ ለጥያቄው ከመጣው መልስ ጋር፣ ከቁጥር አውጣ። ከጎኑ ናሆም ለራሱ ማስታወሻ ጽፏል፦ «ሮቦት ስለሆነ»።

ነገሩ ገብቷችኋል? ማስታወቂያ የሚረጩ አውቶማቲክ አካውንቶች በቀን መቶ ጊዜ ይጽፋሉ፤ እነሱን ለመከልከል ነው ያስገባው። አሳቡ ደግ ነው። እኔም የውጭዎቹ ላይ አይቼዋለሁ። ግን ማን ማን እንደወጣ ልይ ብዬ ሌላ ኩዌሪ ጻፍኩ። የመጣው አንድ አካውንት ብቻ ነው። ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት። የሚጽፈው በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ብቻ። በአንድ ዓርብ ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። ሁልጊዜ የቤት መንደር።

አራት መቶ አሥራ ሰባትን አውቃታለሁ። አክስቴ ፋጡማ ናት።

አክስቴ ካርቱም የሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ያኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ካላክላ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታለች፤ ዓርብ ዓርብ የወሎ ሴቶች ሁሉ እረፍታቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ነው። ከሴቶቹ አብዛኞቹ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ አንዳንዶቹም በሥራ ቀን ስልክ እንዳይዙ ተከልክለዋል። ኢንተርኔት የሚያስገባ ስልክ ያላት አክስቴ ብቻ ናት፤ ያሳደገቻት የቤቱ ልጅ ስትዳር የሰጠቻት። ስለዚህ ስልኩ መሃል ይቀመጣል፣ ሴቶቹ ተራ ይይዛሉ፣ ዘይነብ የምትባል ጣቷ ፈጣን፣ ምላሷ ከጣቷ የፈጠነ ልጅ የሁሉንም ትጽፋለች። የሳምንቱ ጥያቄ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስልክ፣ በአንድ አካውንት። እኔ ራሴ ስንት ዓርብ እዚያ ተቀምጬ አይቻለሁ! ግን ማሽን ፊት ስቀመጥ አንድ ቁጥር አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር። ስህተቱ የናሆም ብቻ አይደለም።

መስመሩን አጥፍቼ አስኬድኩት። የቤት መንደር ከአሥራ ሁለተኛ ተነስቶ ሁለተኛ ተቀመጠ። ኳስን ሊደርስበት ምንም አልቀረው።

ብቻዬን ባዶ ክፍል ውስጥ እልል አልኩ። ከዚያ ወደ ካላክላ ደወልኩ።

«አክስቴ! ባሽመሃንዲሱ ሮቦት ብሎሻል።»

«ምንድነው እሱ?»

«ማሽን። ሰው ያልሆነ። አንቺን ከሰው አልቆጠረሽም፤ ለዚያ ነው መንደሩን የሚዘጉት። በአሥር ሰዓት ስብሰባ አለ፣ ሁላችሁም ኑ።»

ከጀርባዋ የሴቶች ጫጫታ ይሰማኛል። እሷ ግን ድስት ስትከድን ሰማኋት።

«አክስቴ?»

«እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሴትዮ ከነመሐንዲስ ፊት ምን ልሠራ ነው? ሩዙን ጥጄዋለሁ። አንቺው ንገሪያቸው። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

ዘጋችው። መልሼ ልደውል ስል ካህረባው ሄደ። መብራት ሲጠፋ የእኔ ላፕቶፕ አብሮ ነው የሚጠፋው። ያገኘሁት ሠንጠረዥ፣ ሁለተኛነታችን፣ ሁሉም ጥቁር ሆነ። በእጄ የቀረው ደብተሬ ላይ የገለበጥኩት ኩዌሪ ብቻ ነው።

እስከ አሥር ሰዓት መብራቱ አልመጣም። እኔም ሥራዬን ሠራሁ፤ አዳራሹን ጠረግኩ፣ ለተሰብሳቢው ወንበር ደረደርኩ፣ ሻይ በትልቁ ጣድኩ። ለእነሱ ጄኔሬተር ተነሳላቸው። ሠላሳ የሚሆን ሰው ገባ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ወንድ። ናሆም ሠንጠረዡን በትልቁ ግድግዳ ላይ አበራ። ጋሽ ተክሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ተቃውሞ ያለው?» አሉ።

ትሪውን መስኮት ላይ አስቀመጥኩና እጄን አወጣሁ።

«ሻዩ ደረሰ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ።

«ሻዩ ይቆያል። ተቃውሞ አለኝ» አልኩ። «ዘጠነኛው መስመር ስህተት ነው።»

ሳቁ ቆመ። ናሆም ወደ ግድግዳው ዞሮ አየ። «የሮቦቱ? እሱን ካወጣሁት ድረ ገጹን ቆሻሻ ይሞላዋል። ደግሞስ አንቺ...» ብሎ ተወው። የተወውን ሁላችንም ሰማነው።

«እኔ ምን? ልጻፈውና እይ። ደብተሬ ላይ አለ።»

ጋሽ ተክሌ እጃቸውን አወናጨፉ። «ተዋት ትጻፍ፤ ምን ይጎዳናል? ያላ፣ ቶሎ በይ ልጄ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የእሱ ማሽን አዲስ ነው፣ ቁልፉ ሁሉ ሙሉ። እኔ ግን ከልማድ የእስክሪብቶ ክዳን ከኪሴ አውጥቼ «ኤስ»ን በክዳኑ ተጫንኳት። እንደገና ሳቁ። ይሳቁ፤ ጻፍኩ። ያንን መስመር ትቼ አስኬድኩት። ግድግዳው ላይ የቤት መንደር ሁለተኛ ሆኖ ወጣ።

«ይኸውላችሁ!» አልኩ።

ናሆም ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ምንም አያሳይም። ሮቦቱን መልሰሽ ቆጠርሽው፣ በቃ። አንድ አካውንት በአንድ ቀን አርባ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህ ሰው ነው ልትዪኝ ነው?»

«ሰው ነው። አክስቴ ናት። ስልኩ የጋራ ነው።»

«በምን አውቃለሁ?»

በምን ያውቃል? ያለኝ ቃሌ ብቻ ነው። ጋሽ ተክሌ ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ማስረጃ ከሌለ...» ሲሉ ከውጭ የሀፍላ ጥሩምባ ተሰማ። የካላክላ አውቶቡስ በር ሲከፈት የሚወጣውን ጫጫታ የማያውቅ ካርቱም አልኖረም። ቀጥሎ የዘይነብ ድምፅ፦ «ኧረ ቀስ፣ ነጠላ ጫማዬ!»

በሩ ተከፈተ። አሥራ አንድ ሴቶች ተከታትለው ገቡ፣ የዓርብ ልብሳቸውን እንደለበሱ። ከፊት አክስቴ ናት። አንድ ጉልበቷን እየሳበች መሃል ድረስ መጣችና ስልኳን ከደረቷ አወጣች።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች። «ሮቦቱ እኔ ነኝ።»

ናሆም ቆመ፤ ለእናት እንደሚቆመው ነው የቆመው። ግን አለቀቀም፤ ለዚህ ዛሬም አከብረዋለሁ።

«እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ። ባለፈው ዓርብ ከዚህ ስልክ የተጻፈው እኔ ጋ አለ። ምን ተጠየቀ?»

አክስቴ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ንገሩት። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን።»

አንዷ ወጣች፦ «ክሎር፣ በረኪናውን፣ ስጠቀም ያፍነኛል። ከምን ጋር ነው የማይደባለቀው? ብዬ ጠየቅኩ።» ናሆም ማያው ላይ በጣቱ ፈለገና «አለ፣ ይኸው» አለ።

ሁለተኛዋ፦ «ያሳደግኩት ልጅ ትምህርት ቤት ስወስደው ያለቅሳል። እኔ ላባብለው ወይስ ለእናቱ ልተውላት?» ናሆም፦ «ይህም አለ።»

ሦስተኛዋ አቀርቅራ ነው የተናገረችው። «ፓስፖርቴን እመቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ስጠይቃት በምን ቃል ልጀምር?»

ናሆም ይህችኛዋን አገኛት፤ ግን «አለ» አላለም። ከሥሩ ያሉትን ሰባት መልሶች እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ዘይነብ «የእኔንስ አትፈልገውም? "ባሽመሃንዲስ የሚባል ባል የት ይገኛል" ያልኩት ነው» ስትል አዳራሹ ፈነዳ። ናሆምም ሳቀ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

«እርስዎስ እማማ?» አላት ወደ አክስቴ ዞሮ። «የእርስዎ ጥያቄ የትኛው ነው?»

«የእኔ የለም። ስልኩ ነው የእኔ። የሚጠይቅ ይጠይቅበት፤ እኔ በሰው እጅ አልጠይቅም።»

ናሆም ተቀምጦ ዘጠነኛውን መስመር በራሱ እጅ አጠፋው። ዝርዝሩ እንደገና ተደረደረ። እኛ ሁለተኛ ስንሆን ከኳስ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወረደ፤ አሥረኛ፣ ከሚዘጉት ሦስቱ አንዱ ሆኖ የወጣው የመኪና መንደር ነው። የጋሽ ተክሌ መንደር! ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ዝርዝሩን እንደገና አዩ።

«እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው» አሉ፤ ሲሉት ግን ፊታቸው ጠቆረ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። የሚደረደር ነገር ሁሉ መጨረሻ የሚሆን አለው፤ መጨረሻ መሆን ምን እንደሆነ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አውቀዋለሁ። አክስቴ ግን ገና ወንበር እንኳ አላገኘችም ነበርና እንደቆመች ጠየቀች፦

«ለመሆኑ የሚዘጋው ለምንድነው?»

«ሦስት ጠባቂ ስለጠፋ ነው እማማ።»

«እኛን ጠየቃችሁን?»

ማን ይጠይቀን? እኛን እንደሮቦት፣ ወይ እንደሻይ ነበር የሚያውቁን።

«የቤቱን እኔ እጠብቃለሁ» አልኩ። ዘይነብ ተከተለች፦ «የመኪናውን ለእኔ ስጡኝ።»

«ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» አሏት ጋሽ ተክሌ።

«ስለ መኪና ምንም። ስለ ስድብ ግን ጠይቁኝ፤ ገና ሲጀምር ነው የማውቀው።»

ሦስተኛውንም መንደር ከሴቶቹ አንዷ ወሰደችው። ዓርብ ዓርብ ካላክላ፣ በሳምንቱ ደግሞ እኔ ከማሠልጠኛው ላያቸው ተስማማን። ቅዳሜ አንድም መንደር አልተዘጋም። የስብሰባው ቀን ሻዩን ናሆም ቀዳ፤ ስኳር አብዝቶበት ነበር፣ ነገርኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ዳታቤዝ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ ግድ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ቁጥሩ እንዲህ ይላል» ሲሉኝ ዝም ብዬ አልቀበልም። ማን ቆጠረው? ማንን ትቶ? ብዬ እጠይቃለሁ። ሰዎች ይሰለቹኛል፤ ይሰልቹኝ። ማሽን ውሸታም አይደለም፣ የጠየቁትን ነው የሚመልሰው። ጥያቄውን የሚጽፈው ግን ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ካላክላ አንዲት ስልክ መሃል አስቀምጠው የተቀመጡ ሴቶችን አይቶ ላያውቅ ይችላል። እኔ አይቼም ረስቻቸው ነበር። ስለዚህ እናንተም መጨረሻ ወጣችሁ ሲሏችሁ ከማልቀሳችሁ በፊት ዘጠነኛውን መስመር አሳዩን በሉ። «አይገባሽም» ካሏችሁ የበለጠ ጠይቁ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሜ ገብቶኛል። ዛሬ እንጀራዬ ይኸው ኩዌሪ ነው፤ አዲሱ ላፕቶፔ ቁልፉ አልተነቀለም፣ የእስክሪብቶውን ክዳን ግን አልጣልኩትም።

አክስቴ በቀጣዩ ዓርብ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝታ ጠበቀችንና ዘይነብን «ከሀ ጀምሪልኝ» አለቻት። ስድስት ወር ፈጀባት። ከዚያ አንድ ዓርብ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ስልኩን ለማንም አልሰጥም ብላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሴቶቹ ተራቸውን ይዘው ጠበቁ። ዐስር ሶላት ሊደርስ ሲል በቤት መንደር አንድ ጥያቄ ገባ፦ «ፋጡማ ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል። ምን ላድርግ።» ስልኩን ለዘይነብ መለሰችላትና ሩዙን ልታይ ተነሳች።